የመጀመሪያውን ተጨማሪ መጽሐፍ ስገዛ የተሳሳትኩት

ይህን የምጽፈው ጎንደርም ሁኑ ሌላ ከተማ፣ ወዳጆቻችሁን ሰብስባችሁ የጠፈር ጉዞ የሚና ጨዋታ ለጀመራችሁና «ቀጥሎ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። እኔ በዚህ ምርጫ ተሳስቼ ሰባት ወር ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አባክኛለሁ። ከገንዘቡ በላይ ያመመኝ ደግሞ በስንት ልመና የሰበሰብኩት ቡድን ሊበተን ጫፍ መድረሱ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ሰው ዳኛ ይሆናል። ዳኛው ያሉበትን ቦታና የሚያጋጥማቸውን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። ተረት ነው፤ ልዩነቱ ተረቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት አድማጮቹ መሆናቸው ነው። እኛ የምንጫወተው ትራቨለር የሚባለውን ነው። ማርክ ሚለር የደረሰው ይህ ጨዋታ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ በሦስት ትንንሽ ጥቁር መጽሐፎች ወጣ። እኔ የመረጥኩት በሁለት ተራ ዳይስ ስለሚሠራ ነው። አሁን ባለው ሕግ ሁለቱን ወርውራችሁ ችሎታችሁን ትደምሩበታላችሁ፤ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳካላችሁ ማለት ነው። ሌሎች ጨዋታዎች የሚጠይቁትን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ እዚህ ፍለጋ ከመንከራተት፣ እኛ ከወንድሜ የሉዶ ሳጥን ሁለት አውጥተን ጀመርን።

ዋናውን የሕግ መጽሐፍ ያመጣችልኝ ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤታችን ማራኪ አካባቢ ነው። ቡድኑ እሑድ ከምሳ በኋላ እኛ ቤት ይሰበሰባል፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤታችን ሲስተር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እንዲሁም ከአዘዞ ፒያሳ የሚሠራ ሚኒባስ ያላቸው ጋሼ። ጋሼ መጀመሪያ የመጡት ለቡና ነበር። ወንድሜ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት» ብሎ ወረቀት አስያዛቸው፤ በዚያው ቀሩ።

የያዛቸውም ነገር ግልጽ ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ባለ 200 ቶን የንግድ መርከብ ይዘው ነው፤ መርከቧ ደግሞ በባንክ ብድር የተገዛች ናት። የጥንቱ ሕግ እንደሚለው በየወሩ የመርከቧን ዋጋ 240ኛ እጅ ትከፍላላችሁ፤ ይህም ለ480 ወር፣ ማለትም ለ40 ዓመት ነው። ስታሰሉት የወርሃዊ ክፍያዎቹ ድምር ብቻ የመርከቧን ዋጋ ሁለት እጥፍ ያወጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀመጡና «መምህር፣ ቆማ የዋለች መኪና ትበላለች፤ እንጫን እንጂ ምን እንጠብቃለን!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመርከቧ ካፒቴን እሳቸው ሆኑ።

ጥቂት ወራት በዋናው መጽሐፍ ብቻ ተጫወትን። ደስ ይል ነበር። ይሁንና ዳኛ የሆነ ሰው ሁልጊዜ የጎደለ ነገር ይታየዋል። ኢንተርኔት ባገኘሁ ቁጥር ተጨማሪ መጽሐፎቹን ማየት ጀመርኩ። ብዛታቸው ያደናግራል፦ ስለ መርከብ አሠራር፣ ስለ መሣሪያና ዕቃ፣ ስለ ሙያዎች፣ ስለ አንድ የጠፈር ክፍል ከነካርታው፣ ተሠርተው ያለቁ ጀብዱዎች። ለሠላሳ ዓመት የተጫወቱ ሰዎች «ከሁሉ በፊት የመርከብ መሥሪያውን ግዛ» ይላሉ። እኔም አመንኳቸው፤ ማመን የፈለግሁትን ነበርና የነገሩኝ። የመርከብን መጠን፣ ነዳጅና ግፊት እያሰሉ መርከብ መንደፍ ለፊዚክስ መምህር ምን ያህል እንደሚጥም አስቡት። ማታ ማታ ብቻዬን ሆኜ የምደሰትበትን መጽሐፍ መረጥኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ማን ምን እንደሚፈልግ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይልቅ ቀላልና የሚያበሳጭ ነው፤ እናንተ በአንድ ደቂቃ ጥንቃቄ ታመልጡታላችሁ። የመርከብ መጽሐፉ ሃይ ጋርድ ይባላል። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1979 ለጥንቱ ጨዋታ፣ በ2008 ለአዲሱ አሳታሚ የመጀመሪያ እትም፣ በ2016 ለሁለተኛው እትም፣ በ2022 ደግሞ ታድሶ ወጥቷል። ስሙ አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ይለያያል። የእኔ ዋና መጽሐፍ የ2016ቱ ነው። ዋጋው ረከስ ያለ አግኝቼ ያስገዛሁት የ2008ቱ ሆነ። ለአዲስ ዓመት ከሚመጣ ዘመድ ጋር ደርሶኝ ስከፍተው ቁጥሮቹ ከእኔ መጽሐፍ ጋር አልገጥም አሉ። መመለስ አይቻልም፤ ባሕር ተሻግሮ በሰው ሻንጣ የመጣ ዕቃ ወዴት ይመለሳል?

ስለዚህ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ለምትልኩት ሰው ስሙን ብቻ አትንገሩት። የሽፋኑን ፎቶ፣ የእትሙን ቁጥርና የታተመበትን ዓመት ላኩለት፤ ከመክፈሉም በፊት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ዘመዶቻችን ለእኛ ሲሉ ይደክማሉ እንጂ ጨዋታውን አያውቁትም።

ሦስተኛው ስህተት የከፋው ነው። ገንዘቤ ከወጣ አይቀር ብዬ መጽሐፉን በግድ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ሌሊት ሌሊት ቁጥሮቹን ወደ እኛ እትም ስቀይር አድሬ፣ ጥቅምትና ኅዳርን በሙሉ እሑድ እሑድ «ዛሬ መርከባችንን እናሻሽላለን» እያልኩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሞተሩ ስንት ቶን ይይዛል? ነዳጁስ? ስንት ክፍል ይቀራል? እኔ እጽፋለሁ፣ እነሱ ያያሉ። ባልደረባዬ ፈተና ማረም አለብኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ቀረ። ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ በጣታቸው ላይ እያዞሩ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። አንድ እሑድ ሲስተር ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ሳትተኛ መጣች። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ እኔ ገና የነዳጅ ማጠራቀሚያውን እያሰላሁ ነበር። በረካው ሳይቀዳ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ይቅርታ መምህር፣ ዛሬ ደክሞኛል» አለች። በእኛ ቤት በረካ ሳትጠጣ ወጥታ አታውቅም። እናቴ በሩን ከዘጋች በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትናገር ዐየችኝ።

ያን ማታ ወንድሜ አንድ ደብተር አመጣልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጨዋታውን ታሪክ እየጻፈ ኖሯል። በዳርና ዳሩ ደግሞ ተጫዋቾቹ ጠይቀውኝ ሳልመልስ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች መዝግቧል። እዚያ ወደብ ላይ ምን ይሸጣል? ከእኛ ሌላ ማን ይመጣል? የሚያስተዳድራቸው ማነው? መሣሪያ ይዘን ብንወርድ ይይዙናል? ባንኩ እዚያ ቅርንጫፍ አለው? ሲስተር ደግሞ ሁለት ጊዜ «ሐኪም አላቸው?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርናቸው። ሃያ አንድ ናቸው። ስለ መርከቧ አሠራር የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም የጠየቀው ራሱ ወንድሜ ነው።

ከሁሉም ምክሬ ይህን ያዙልኝ። መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በዋናው መጽሐፍ ብቻ ተጫወቱ። አንድ ሰው ደብተር ይያዝ፤ ዳኛው ባይሆን ይመረጣል። ዳኛው «እ... ቆይ፣ በኋላ እነግራችኋለሁ» ያለበትን ቦታ ሁሉ ይጻፍ። ከሦስት ጨዋታ በኋላ ደብተሩን ስትከፍቱት የትኛውን መጽሐፍ መግዛት እንዳለባችሁ እሱ ራሱ ይነግራችኋል። ጥያቄው ሁሉ «ይህ ጠመንጃ፣ ያ ልብስ ዋጋው ስንት ነው?» ከሆነ የዕቃ መጽሐፍ ግዙ። የእኛ ጥያቄዎች ስለ ቦታ ነበሩ፤ ከብዙ ቡድኖችም ይህ የሚመጣ ይመስለኛል። ሰው ከመርከብ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት እንደደረሰ ነውና።

የሙያ መጽሐፎችን ለመጀመሪያ አልመክርም። ገጸ ባሕርያቱ ተሠርተው አልቀዋል፤ አዲስ ሙያ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ሲጨመር ነው። ተሠርቶ ያለቀ ጀብዱ ጊዜ ለሌለው ዳኛ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ከተጫወታችሁት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በእኛ አገር በዶላር የሚገዛ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ማገልገል አለበት።

እኛ በመጨረሻ የመረጥነው ስለ አንድ ሴክተር፣ ማለትም ስለ አንድ ሰፊ የጠፈር ክፍል፣ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ስፒንዋርድ ማርችስ የሚባለው ሴክተር መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ቀጭን መጽሐፍ ናት። የአንድ ሴክተር ካርታ በ16 ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል 8 በ10 የሆነ የንብ ቀፎ የመሰለ ባለ ስድስት ጎን ቤት አለው። አንዱ ቤት አንድ ፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። መርከባችን በአንድ ዝላይ አንድ ቤት ትሄዳለች፤ ዝላዩ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ዓለማቱ የሚጻፉት በአንድ መስመር ኮድ ነው። መጀመሪያ የወደቡ ደረጃ በፊደል ይመጣል፤ ከዚያ የፕላኔቱ ስፋት፣ አየሩ፣ ውኃው፣ የሕዝቡ ብዛት፣ አስተዳደሩ፣ የሕጉ ጥብቅነት፣ በመጨረሻም የቴክኖሎጂ ደረጃው። ስፋቱ 8 ከሆነ የእኛን ምድር ያህላል። ሕዝቡ 3 ከሆነ በሺዎች፣ 6 ከሆነ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ውኃው 0 ከሆነ ደረቅ በረሃ ነው። ይህ የኮድ አጻጻፍ ከ1977 ጀምሮ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ የሕግ መጽሐፍ እትሙ ካልገጠመ ያስቸግራችኋል፤ የቦታ መጽሐፍ ግን የአርባ ዓመትም ቢሆን ከአዲሱ ሕግ ጋር ይሠራል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ምንኛ ባመሰገንኩት!

የገዛነውም ፋይሉን ነው። የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፍላ ላከችልኝ፤ ዳታ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስለተቸገርን፣ መስመር ባለበት ሰዓት አውርጄ በሁለት ፍላሽ አስቀመጥኩት። ሁሉንም አላሳተምኩም። ካርታውንና የምንጫወትበትን አንድ ክፍል ብቻ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ካርታውን ላሚኔት አስደረግሁት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ላሚኔት የተደረገ ካርታ ላይ በማርከር ተጽፎ ይጠፋል፤ ቡና ቢፈስበትም ይጠረጋል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ በሻማ ይነበባል።

ለማስታረቂያ ያህል እሑድ ምሳ ጋብዤ ሁሉንም ጠራኋቸው። ከበሉ በኋላ ካርታውን ዘረጋሁና ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ፤ በጣታቸው ቤቶቹን እየቆጠሩ «ከዚህ እዚህ አንድ ሳምንት፣ ከዚህ እዚያ አንድ ሳምንት...» አሉ። ከዚያ ማንም የማይሄድበት ጥግ ላይ ያለ አንድ ዓለም መርጠው «ተፎካካሪ የሌለበት መስመር ይሻላል» ብለው ወሰኑ። ኮዱን አነበብኩላቸው፦ ወደቡ ኢ፣ ማለትም ነዳጅ የሌለው ባዶ ሜዳ፤ ውኃው 0፤ ሕዝቡ 3።

እኔም ብሆን ምን እንደሚከተል የገባኝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። መርከብ ለአንድ ፓርሴክ ዝላይ የመጠኗን አሥር በመቶ ነዳጅ ትፈልጋለች፤ የእኛዋ 20 ቶን መሆኑ ነው። ነዳጁ ሃይድሮጅን ስለሆነ ወደብ ላይ ባይገኝ ከባሕር ወይም ከሐይቅ ውኃ ይቀዳል፤ ካልሆነም ከትልልቅ የጋዝ ፕላኔቶች ይጠለፋል። እዚህ ግን ወደቡ ነዳጅ የለውም፣ ዓለሙ ውኃ የለውም፣ የጋዝ ፕላኔትም በአቅራቢያው የለም። ደርሰዋል፤ መመለሻ የላቸውም።

ዝም ተባለ። ከዚያ ሲስተር «እነዚህ ሰዎች ታዲያ የሚጠጡትን ከየት ነው የሚቀዱት?» አለች። መጽሐፉ አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው የሰጠኝ፤ መልሱን ከራሴ ማምጣት ነበረብኝ። ከመሬት በታች በረዶ እየቆፈሩ እንደሚያወጡ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን በወረፋ እንደሚወስድ ነገርኳቸው። ባልደረባዬ ያደገው ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ገጠር ነው። ወረፋውን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ለማን ሰላምታ መስጠት እንዳለበት እሱ ጨመረበት። 20 ቶን ነዳጅ የሚወጣበት በረዶ ለእነዚያ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ ሲገባቸው ጨዋታው ሌላ ሆነ። ጋሼ በሽማግሌ ፊት እንደሚቆሙ ቆመው ተደራደሩ። ሲስተር የመርከቧን መድኃኒት አውጥታ ሕፃናቱን አየች፤ ነዳጁም በዚያ ተገኘ። ዓለሙን ደረቄ አልነው፤ ካርታው ላይ አሁንም በወንድሜ ጽሑፍ እንደዚያ ተጽፏል። በረካው ከተጠጣ በኋላ እንኳ የተነሳ ሰው አልነበረም፤ እናቴ ሁለተኛ ቡና አፈላች።

ገንዘብ የሌላችሁ አትዘኑ። ዋናው መጽሐፍ ራሱ በዳይስ ዓለማትን መፍጠሪያ ሕግ አለው። ሁለት ከሰዓት ብትመድቡ የራሳችሁን 8 በ10 ካርታ ትሞላላችሁ፤ ተጫዋቾቻችሁም አብረዋችሁ ቢወረውሩ ቦታውን ከወዲሁ የራሳቸው ያደርጉታል። ከዚያ በኋላም መግዛት ያስፈልገናል ካላችሁ ግዙ። የብዙ ሴክተሮች ካርታና ኮድ በነጻ የሚታይበት ትራቨለር ማፕ የሚባል ድረ ገጽም አለ። መስመር ባገኛችሁ ጊዜ ገብታችሁ የወደዳችሁትን ክፍል ብትመለከቱ፣ የቦታ መጽሐፍ ለእናንተ ቡድን ይሆን እንደሆነ ሳትከፍሉ ታውቃላችሁ።

የመርከቡ መጽሐፍ አሁንም ቤቴ አለ። ባለፈው ወር ጋሼ ካርታውን ሲያዩ ቆይተው «መምህር፣ ይቺን መርከብ በአንዴ ሁለት ቤት እንድትዘል ማድረግ አይቻልም ወይ?» አሉኝ። ከመደርደሪያው አወረድኩትና ጎን ለጎን ተቀምጠን አሰላነው። ነዳጁ ከ20 ቶን ወደ 40 ይወጣል፤ ሞተሩም ይተልቃል፤ ያ ሁሉ ከጭነት ቦታው ላይ ይነሳል። ጋሼ እርሳሱን ከእጄ ወስደው የሚቀረውን ቶን በየወሩ ለባንክ ከሚከፍሉት ጋር አስተያዩ። ሁለት ጊዜ ደመሩት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው «ገና ነው። ሁለት ዙር እንሥራና እናየዋለን» አሉ።